ክንፍ ያወጣው ሰንጋ

ከሰው የተቀበልኩት የመጀመሪያ እውነተኛ የሥራ ትዕዛዝ አንድ ሰንጋ ነው። ወርዱ መቶ ሃያ፣ ቁመቱ ዘጠና ሳንቲ ሜትር፤ ከባለቀለም መስታወት የሚሠራ፣ ለሥጋ ቤት። ልኩን ገና ከመነሻው የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በኋላ ሰፈሩ ውስጥ «ሁለት ሜትር ነው» ሲባል፣ «ቀን በቀን ያድጋል» ሲባልም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አያድግም። ዘጠና ነው።

እኔ ዘግይቼ ነው የተማርኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሆነኝ የማታ ትምህርት ቤት ገብቼ፣ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ሴቶች ጋር አንድ ወንበር ላይ እየተጋፋሁ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረስኩ። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ የማይለቀው ጠባይ አለው፤ የተጻፈ ነገር ያምናል። ከዚያ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ አዋሽ ሆንኩ። በእርዳታ ከመጡት ካርቶኖች በአንዱ ውስጥ፣ ማንም ተውሶት የማያውቅ፣ ስለ ባለቀለም መስታወት አሠራር የተጻፈ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር። መዝገበ ቃላት ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኝ፣ ከዳር እስከ ዳር በአማርኛ ወደ ደብተሬ ገለበጥኩት። መስታወቱ በስለት ይጫራል፤ ከሥሩ ቀስ ተደርጎ ይነካል፤ እሺ ካለ በጭረቱ ይለያል። የእያንዳንዱ ቁራጭ ጠርዝ በቀጭን የመዳብ ጥብጣብ ይጠቀለላል። ከዚያ ቁራጮቹ ተገጣጥመው፣ ሬዲዮ ጠጋኞች በሚይዙት ዓይነት መበየጃ ስፌቱ በቀለጠ እርሳስ ይሞላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ይህን «ይኸው ነው» ለመልመድ አራት ዓመት ፈጀብኝ።

መስታወቱን የማገኘው ከቁራሌው ነበር። የድሮ ቤት በፈረሰ ቁጥር ከበሩ በላይ የነበረችው ቢጫና አረንጓዴ መስታወት በጆንያ ተጠቅልላ ትመጣልኛለች። ወፍ ሠራሁ፣ አበባ ሠራሁ፣ ዓሣ ሠራሁ። ለሰው ሰጠሁ። ሰውም «ታምራለች፣ ለምን አትሸጪም?» አለ። በነጻ የተቀበለ ሰው የሚሰጠው ምክር መሆኑ አልገባኝምና ሥራዬን ለቀቅኩ። ዳይሬክተሯ ደግ ሴት ናት፤ «ቦታሽን እስከ ፋሲካ ሰው አላስይዘውም፤ ካልሆነልሽ ተመለሺ» አለችኝ። እኔም ለራሴ ቃል ገባሁ፤ እስከ ፋሲካ አንድ የታዘዝኩትን ሥራ ጨርሼ ካላስረከብኩ፣ መስታወቱን ለቁራሌው መልሼ ወደ መጻሕፍቱ እገባለሁ።

ቀጨኔ ውስጥ የምኖርበት ክፍል ባለቤት፣ እኔ እትዬ የምላቸው ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት፣ ነገሩን ሲሰሙ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ደመወዝ ትተሽ ለስባሪ?»

«ስባሪ አይደለም እትዬ፣ ተቆርጦ የሚገጠም ነው።»

«እሱንማ አየሁት። የተሰበረ ገዝተሽ፣ እንደገና ሰባብረሽ፣ መልሰሽ ታጣብቂዋለሽ። ኧረ ሸክላ ሠሪውም ሸማኔውም እዚሁ ሰፈራችን ሞልቷል፤ ማንም እንዲህ ሲደክም አላየሁም።»

ንግድ ፈቃድ ላወጣ ስሄድም የገጠመኝ ይኸው ነበር። ሠራተኛዋ ዝርዝሯን ከላይ እስከ ታች በጣቷ ወርዳ የኔን ዓይነት ሥራ አጣችው። «ሥዕል ነው?» አለችኝ። ሥዕል አይደለም። «መስታወት ንግድ ነው?» እሱም አይደለም። በመጨረሻ «መስታወት ገጣሚ» ብላ ጻፈችልኝ፤ በሳምንቱ አንድ ሰውዬ የሚኒባስ የኋላ መስታወት ተሸክሞ በሬን አንኳኳ። እንደማልሠራ ባስረዳው፣ ፈቃዴን ግድግዳው ላይ አንብቦ «ታዲያ ምን ብለሽ ነው መንግሥትን ያታለልሽው?» አለኝ።

ባለ ሥጋ ቤቱ የመጣው ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። አዲሱ ገበያ ሥጋ ቤት አለው፤ ሚስቱን ፀጉር ቤት ሲጠብቅ ለፀጉር ሠሪዋ የሰጠኋትን ወፍ እዚያ ዓይቷል። ወፍራም፣ ድምፁ ትልቅ፣ እጁ ግን ቀስ የሚል ሰው ነው። የሥራ ጠረጴዛዬን በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገ።

«ወፏን የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎን።»

«በሬ ትችያለሽ?»

ማንም እንደዚያ ጠይቆኝ ስለማያውቅ «እችላለሁ» አልኩ።

«ሰንጋ ነው የምልሽ። በሬማ ሁሉም በሬ ነው። ሻኛው እንዲህ!» ብሎ በሁለት እጁ አየር ላይ አንድ ኮረብታ ሠራ። «ሻኛው ከመንገድ ማዶ መታየት አለበት። ደግሞ ቦራ ይሁን፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ጣል ያለበት። አባቴ ቤቱን የከፈተው ቦራ ጥሎ ነው። ፊቱ ደስ ያለው ይሁን።»

«ሊታረድ አይደል እንዴ?» አልኩት።

«ቢሆንስ? ደንበኛ የተከፋ በሬ አይወድም።»

ሥጋ ቤቱ ጾሙን ሙሉ ዝግ ስለሆነ እያደሰው ነበር። የፋሲካ ዕለት ጠዋት በሩን ሲከፍት ሰንጋው መስኮቱ ላይ መገኘት አለበት። ቀብድ ሰጠኝ። እጄ ላይ ሳይቀዘቅዝ መዳብና እርሳስ ገዛሁበት።

በሬ በመጽሐፌ ውስጥ የለም። ጽጌረዳ አለ፣ መርከብ አለ፣ በሬ የለም። ስለዚህ ደብተሬን ይዤ ከብት ተራ ሄድኩና አንድ ሰንጋ ፊት ቆሜ ሻኛውን ሳልኩ። ነጋዴው ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሲያየኝ ቆየና «እህቴ፣ ልትገዢው ነው ወይስ ልትድሪው?» አለኝ። ከበቡኝ፣ ሳቁ። እኔ ግን የፈለግኩትን ይዤ ተመለስኩ፤ ሻኛ ከፊት በኩል ገደል ነው፣ ከኋላ በኩል ቁልቁለት።

ችግሩ ቀንዱ ላይ መጣ። መስታወት ወደ ውጭ ጎበጥ ብሎ ሲቆረጥ እሺ ይላል፤ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ቅርጽ ግን አይወድም። በሁለት ቀንድ መካከል ያለው ቦታ ደግሞ ጥልቅ ጎድጓዳ ነው። አምስት ጊዜ ቆረጥኩ፣ አምስት ጊዜ ከመሃሉ ተሰነጠቀብኝ። በስድስተኛው ተውኩትና ከራሱና ከቀንዶቹ በስተኋላ አንድ ትልቅ ክብ ከቢጫ መስታወት ሠራሁ፤ ክቡን እንደ ዳቦ ሸንሽኜ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ትንሽ ትንሽ ብቻ እንዲጎደጉድ አደረግሁት። ቢጫው አንድ የፈረሰ ቤት በረንዳ ላይ የነበረ፣ ማር የሚመስል መስታወት ነው። ፀሐይ ነው አልኩ ለራሴ።

ለሻኛው የሚሆን ሰፊ ቡናማ መስታወት ደግሞ አላገኘሁም። ከፎቅ ግንባታ የተረፉ ቀጫጭን ቁርጥራጮች ነበሩኝ። ሰባቱን እንደ ቅጠል ደራርቤ፣ ከሰፊ ወደ ጠባብ ቁልቁል አስተኛኋቸው። ሥራው ጥሩ ነው፤ ስፌቱ ዛሬም አያሳፍረኝም። የግራ ኋላ ሰኮናው ብቻ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ዘመም ብሏል፤ ከኔ በቀር ማንም አያየውም ብዬ ተውኩት።

ከዚያ መጽሐፉ የሚለውን አደረግኩ። መጽሐፉ ሥራው ካለቀ በኋላ ሰባት ቀን በቀን ብርሃን ላይ ተሰቅሎ ይጠና ይላል። የተጻፈ ነገር አምናለሁ ብያለሁ። ክፍሌ ወደ ቁልቁለቷ መንገድ የሚያይ አንድ መስኮት አለው፤ በትይዩው ደግሞ ወደ ጓሮ የሚያስወጣ በር። ሰንጋውን መስኮቱ ላይ ሰቀልኩት። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ፀሐይ በጓሮው በር ትገባና ክፍሉን አቋርጣ መስኮቱን ከውስጥ ትመታዋለች። ከመንገድ ለሚያይ ሰው ሰንጋው በእሳት እንደተቀጣጠለ ነው።

ያላሰብኩት ነገር ቢኖር፣ በሁዳዴ ቅዳሴ የሚወጣው ልክ በዚያው ሰዓት መሆኑን ነው። ከጠዋት ጀምሮ እህል ያልቀመሰ፣ ፀሐይ አናቱን የመታው፣ ነጠላውን ያጣፋ ሰው ሁሉ ከቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ሲመለስ በኔ መስኮት ሥር ነው የሚያልፈው።

በመጀመሪያው ቀን አንዲት ሴት ቆመች። አማተበች። ወደ ግድግዳው ተጠግታ ግንባሯን አስነካች፣ ሳመችው፣ እንደገና ግንባሯን አስነካች። ረሃብ አዙሯት ግድግዳ የተደገፈች መስሎኝ ውኃ ይዤ ወጣሁ።

«ግዴለም እህቴ፣ ከቅዳሴ ገና መውጣቴ ነው፤ ቤቴ ደርሼ ነው የምቀምሰው፤» አለችኝ። ወደ መስኮቱ ቀና ብላ «ፊቱ ላይ ያለው ሰላም!» ብላ ሄደች።

በማግስቱ አራት ሆኑ። በሦስተኛው ቀን አንዱ ዣንጥላ ዘርግቶ ቆመ። እትዬ ጫጫታውን ሰምተው ወጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራዬን ቀና ብለው አዩት። ነጠላቸውን አጣፉ።

«ገጸ ላህም» አሉ በመጨረሻ። «መንበሩን ከሚሸከሙት ከአርባዕቱ እንስሳ አንዱ። ባለ በሬ ፊቱ። ብርሃኑ በራሱ ዙሪያ። ግንባሩ ላይ ምልክቱ። ክንፉ ይኸውና!»

ክንፉ ያሉት ሻኛውን ነው።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ በሬ ነው፤» አልኳቸው።

«እኔ ታዲያ ምን አልኩ?»

«ማለቴ... ለአዲሱ ገበያ ነው።»

«ለዓለሙ ሁሉ ነው እንጂ ለአዲሱ ገበያ ብቻ!» አሉና እልል አሉ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጄ ወጣ። እትዬ ለመስኮቱ ከውጭ በኩል የራሳቸውን ነጭ መጋረጃ ሰቀሉለት። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በርጩማቸው ላይ ቆመው ይገልጡታል፤ ፀሐይዋም በሰዓቷ ትደርሳለች፤ ሕዝቡ ፀሐይዋን እትዬ ያመጧት ይመስል ያያቸዋል። ከግድግዳው ሥር ጫማ ማውለቅ ግዴታ ሆነ። ሰልፍ ተጀመረ። ውኃ በላስቲክ ጠርሙስ እያመጡ ከመስኮቱ ሥር አሳድረው የሚወስዱ ነበሩ። እኔ ቤቴ ለመግባት «ሰልፍ ያዢ!» ተብያለሁ።

ከመስኮቴ ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ጎረቤቴ ሙስሊም ነው፤ በዕድሜ ያንሰኛል፣ እታለም ነው የሚለኝ። አንድ ቀን ጨው ልገዛ ስገባ ግራ ቀኝ አየና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«እታለም፣ እኔ ግን የሚታየኝ ሥጋ ነው። ይቅር በይኝ።»

«ከዚህ ሁሉ ሰው በትክክል ያየኸው አንተ ብቻ ነህ።»

«ሻኛ አይደል ያቺ?»

«ሻኛ ናት።»

«ታዲያ ንገሪያቸዋ!»

«አንተስ ለምን አትነግራቸውም?»

«እኔ? ሙስሊም ሆኜ? በሁዳዴ? መላእክት አይደለም፣ ጥብስ ነው ልበላቸው?» ጨዉን ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ ጧፉ እየሄደልኝ ነው።»

ለምን አልተናገርኩም? ዝምተኛ ነኝ፣ ይኼ አንዱ ነው። ሁለት ጊዜ ጀምሬ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶልኛል። ዋናው ምክንያት ግን እሱ አይደለም። ሰው ሥራዬ ፊት «ታምራለች» ለማለት ከሚፈጀው ጊዜ በላይ ቆሞ አያውቅም። እነዚህ ቆሙ። አንዲት ምርኩዝ የያዙ ባልቴት ሰንጋውን ከራስ እስከ ጥፍሩ ካጠኑት በኋላ «የኋላ እግሩ ጫፍ ላይ፣ ግራው፣ ትንሽ ዘመም አላለም?» ብለው እትዬን ሲጠይቁ ሰማሁ። ሁለት ሚሊ ሜትር! ወጥቼ እጃቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም። እትዬ «እየበረረ እኮ ነው እናቴ፤ የሚበር ነገር እግሩን ያዘማል» ብለው አስረዷቸው።

ሰባቱ ቀን አለፈ። ባለ ሥጋ ቤቱ የመስኮቱ ብረት አልደረሰለትምና ዘገየ። ሦስት ሳምንት ሞላ። ከሆሣዕና በፊት ባለው ዓርብ ላብ በላብ ሆኖ በጓሮ በር በኩል ገባ።

«ዘይት የመጣ መስሎኝ ግማሽ ሰዓት ተሰለፍኩ!» አለ ገና ሳይቀመጥ። «ጫማዬን ሁሉ አስወለቁኝ። ጫፍ ደርሼ ቀና ብል፣ የኔው በሬ! እህት ዓለም፣ በሬዬን ነው እንዴ የሚስሙት?»

«ግድግዳውን ነው።»

«በሬዬን ምን አደረግሽው?»

«ምንም። ሰቀልኩት ብቻ።»

ተቀመጠ። ፊቱን በመሐረብ ጠረገ። «እንግዲህ ስሚኝ። እኔም ክርስቲያን ነኝ። ወስጄ ብሰቅለው ይኼ ሁሉ ሕዝብ ይወርድብኛል። ባልሰቅለው መስኮቴ ባዶ ነው። እስከ ቀዳም ስዑር እጠብቅሻለሁ። ወይ ይለቁትና ይገባል፣ ወይ ባነር አሳትማለሁ። የበሬ ፎቶማ ስልኬ ላይም አለ።»

ባነር! በላስቲክ ላይ የታተመ በሬ። ምሳ ሳልበላ ዋልኩ። ፋሲካ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር፤ ሰንጋው ካልወጣ እኔ ወደ መጽሐፍ ማዋሱ መመለሴ ነው። በዚያው ቀን እትዬን ለብቻቸው ያዝኳቸውና ሥራው የሰው ትዕዛዝ መሆኑን፣ ባለቤት እንዳለው፣ ከፋሲካ በፊት መሄድ እንዳለበት ነገርኳቸው። ወዴት እንደሚሄድ ግን አልነገርኳቸውም።

«ከዚህ ግቢ የትም አይሄድም» አሉ ጸጥ ብለው። «አንቺ የምትሄጂበት ካለሽ ሂጂ፤ እሱ ይቆያል።»

ሰሙነ ሕማማት ሲገባ ትንሽ ተስፋ አደረግሁ። በሕማማት መስቀል እንኳ አይሳለሙም፤ እንግዲህ ግድግዳዬም ያርፋል አልኩ። እውነትም ሰኞ ዕለት ማንም አልሳመም። መንገዱ ላይ ተደርድረው መስገድ ጀመሩ። ቁልቁለት ስለሆነ፣ ከላይ ያለው ሲሰግድ ከታች ያለውን በራሱ ይገፋዋል፤ ሚኒባስ ወደ ታች መውረድ አቅቶት ጥሩንባውን ሲነፋ ዋለ።

ረቡዕ ዕለት እትዬ የንስሐ አባታቸውን ይዘው መጡ። ቀጭን፣ ሽበታም፣ አካሄዳቸው የተለካ ቄስ ናቸው። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላቸው። ባለሱቁ ጎረቤቴ ከመደርደሪያው ጀርባ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። እትዬ በርጩማቸው ላይ ወጥተው መጋረጃውን ገለጡ። ፀሐይዋ ገባች።

ቄሱ መነጽራቸውን አደረጉ። ከዚያ መቁጠር ጀመሩ።

«አርባዕቱ እንስሳ ለእያንዳንዳቸው ስድስት ስድስት ክንፍ ነው ያላቸው» አሉ። «እዚህ ላይ የማየው አንድ ነው። ሁለንተናቸውም ዓይን ነው። እዚህ ላይ የማየው ዓይን ሁለት ነው።»

ከራሴ ሌላ የሚቆጥር ሰው በማግኘቴ ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም።

«ገና ጀማሪ ናት አባታችን» አሉ እትዬ ተሽቀዳድመው። «የቀረውን ትጨምራለች። አምስት ክንፍ ምን አላት?»

ቄሱ ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«አዎን አባ።»

በጣታቸው አመለከቱ። «ይህ ክንፍ ነው?»

ሰዉ ሁሉ አየኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እየጀመርኩ የተውኩት ዓረፍተ ነገር አንድ ቃል ብቻ ቀረው።

«ሻኛ ነው።»

አንዱ ከኋላ «ምን አለች?» አለ። ሌላዋ «ሻኛ» አለችው። ቃሉ በሰልፉ ላይ ወደ ታች ወረደ፤ ሻኛ፣ ሻኛ፣ ሻኛ። ሃምሳ አንድ ቀን ሥጋ ያልቀመሰ ሕዝብ ነው።

«የምን ሻኛ?» አሉ ቄሱ።

«ለሥጋ ቤት የታዘዘ ሰንጋ ነው፣ አባ። ክቡ የተሠራው ቀንዱ መሃል መስታወቱ አልቆረጥ ስላለኝ ነው። ግንባሩ ነጭ የሆነው ባለቤቱ ቦራ ይሁን ስላለ ነው። ፊቱ ደስ ያለው ደንበኛ የተከፋ በሬ ስለማይወድ ነው። ቀድሞ መናገር ነበረብኝ። ሰው ቆሞ ሲያይልኝ ደስ ስላለኝ ዝም አልኩ።»

በድንጋይ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። ማንም ስለኔ አላሰበም። እትዬ ከበርጩማው ወረዱና ፊታቸው አመድ መስሎ ወደ ቄሱ ተጠጉ።

«አባታችን... ጾሜን ገደፍኩ እንዴ?»

ይኼኔ ነው ጩኸቱ የመጣው። «እኔስ?» «እኔ በየቀኑ ስሜያለሁ!» «እኔ አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ያውም በነጠላዬ ጫፍ!» «ውኃውን የጠጣንሳ?» ሥጋ ፊት በጾም መሳለም መግደፍ ነው አይደለም፣ ቁልቁለቱን ሙሉ ክርክር ሆነ። ባለሱቁ ወደ ውስጥ ገብቶ ሳቁን ጤፍ ማዳበሪያ ጀርባ ሲደብቅ ትከሻው ሲናጥ ይታየኛል።

ቄሱ እጃቸውን አነሡ። አሰቡ። ወደ ግድግዳው ሄደው በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉት።

«የሳማችሁት ምኑን ነው?» አሉ።

«ግድግዳውን።»

«ግድግዳው ጭቃና ኖራ ነው። ጭቃና ኖራ የጾም ነው። አልገደፋችሁም።»

ሕዝቡ ተነፈሰ።

«ስግደቱ ግን ወዴት እንደሄደ አይታወቅም። ስለዚህ በስቅለት ከሚሰጣችሁ ላይ አርባ አርባ ትጨምራላችሁ።»

«እሷስ?» አሉ እትዬ፣ እኔን ሳያዩ።

«እሷ እያወቀች ነው። ሰማንያ።»

«በሬውስ?»

«በሬው የሰው ገንዘብ ነው። የታዘዘበት ይሂድ።» መነጽራቸውን አወለቁ፣ ሊሄዱ ዞሩ፤ ግን እንደገና ቀና ብለው አዩትና ምራቃቸውን ዋጥ አደረጉ። «ለመሆኑ ሥጋ ቤቱ ከአዲሱ ገበያ በየት በኩል ነው?»

ዓርብ ሰማንያውን ከነአንዱ ሳላጎድል ሰገድኩ። ከእትዬ ኋላ ነበርኩ፤ እሳቸው አርባቸውን ጨርሰው ዞር ብለው የኔን እየቆጠሩ ጠበቁኝ። ቅዳሜ ባለ ሥጋ ቤቱ በፒክአፕ መጣ። እትዬ ከረቡዕ ጀምሮ አላነጋገሩኝም። ሰንጋውን በብርድ ልብስ ልንጠቀልለው ስንል ከቤታቸው ወጡ፤ የቀዳም ስዑርን ቄጠማ ራሳቸው ላይ አስረዋል፣ በእጃቸው ሌላ ይዘዋል። የሰንጋው ቀንድ ላይ አሰሩለት። «ለበሬም ያምራል» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን፣ ተመልሰውም ገቡ።

አዲሱ ገበያ ስንደርስ መሰላሉን መውጣት አቃተኝ፤ ጭኔ እምቢ አለ። ባለ ሥጋ ቤቱ ከኋላ እየገፋ አወጣኝ። አራት ብሎን ነው። አራተኛውን አጥብቄ እንደጨረስኩ፣ እዚያው መሰላሉ ላይ ሆኜ ዳይሬክተሯ ጋ ደወልኩና ቦታዬን ለሌላ ሰው እንድትሰጥ ነገርኳት።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ሄድኩ። ፀሐይዋ እዚያ የምትገባው በፊት ለፊት ነው፤ ቢጫው ክብ ነጩ ሴራሚክ ላይ ወድቆ፣ ከተሰቀለው ሥጋ ግማሹን ወርቅ ቀብቶታል። የኛ ሰፈር ሰው ብዙ መጥቷል። በሩ ላይ ሲደርሱ ልማድ ሆኖባቸው ያማትባሉ፤ የሌላ ሰፈር ሰውም እነሱን ዓይቶ ያማትባል። ወደ መዝጊያው ጠጋ የሚሉም ነበሩ። ባለ ሥጋ ቤቱ ቢላውን ይዞ «እህት ዓለም፣ መቼ ነው የሚተዉት?» አለኝ በሹክሹክታ። አላውቅም አልኩት።

እትዬ አርፍደው መጡ። ሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፣ ምርኩዝ ይዘዋል። አጠገቤ ቆሙ።

«የግቢያችን መስኮት እንዲሁ ባዶውን ሊከርም ነው?» አሉ፣ ፊት ለፊት እያዩ።

«ምን ይሁንልዎት እትዬ?»

«ስድስቱንም ክንፍ ቁጠሪ። ዓይኑንም። በኋላ ሰው ፊት እንዳታሳፍሪኝ።»

ስድስት ክንፍ ብዙ ጎድጓዳ ነው። በልቤ ቢጫውን ከየት እንደማገኝ ማሰብ ጀመርኩ።

ተራቸው ደረሰ። «እማማ፣ እንኳን አደረሰዎት፤ ምን ልስጥዎት?» አለ ባለ ሥጋ ቤቱ።

እትዬ ወደተሰቀለው ሥጋ አላዩም። ምርኩዛቸውን አንሥተው ወደ መስኮቱ አመለከቱ።

«ከዚያች፣ ከክንፉ» አሉ፣ «አንድ ኪሎ።»

ባለ ሥጋ ቤቱ ቀና ብሎ አየ። ዞሮ ሻኛውን አወረደና ቢላውን መሳል ጀመረ።